ዓሣው ከታንኳ ከወረደ በኋላ፦ የጣና ዳር ሴቶችና ክፉ ቀን



የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ጣና ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ ስለ ገዳማቱ የምጽፍ መስሏቸው ነበር። ስለ ገዳማቱ ከእኔ የተሻሉ ብዙዎች ጽፈዋል። እኔ የምጽፈው ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከተነሣ አንድ ጥያቄ ተነሥቼ ነው።

በቦታው የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። በእራት ዝግጅቱ የተሰበሰበው ገንዘብ ምን ላይ ይዋል በሚለው ጉዳይ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው ለወጣቶች ሁለት የሞተር ጀልባና መረብ እንግዛ የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ዓሣ ለሚያደርቁና ለሚሸጡ ሴቶች ማድረቂያ ቆጥ፣ ጣራና ማቀዝቀዣ ይሠራላቸው የሚል። በዚህ መካከል አንድ ወንድማችን «ሴቶቹ ዓሣ ያጠምዳሉ እንዴ?» ብሎ ጠየቀና አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ድምፅ መስጠቱ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፎ ወደ ቤታችን ተበተንን። ማታ መኪናዬን እየነዳሁ ስመለስ ግን በራሴ ሳቅ አፈርኩ። በ1977 ዓ.ም. እኔንና አራት ወንድሞቼንና እህቶቼን ያበላን ማን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረምና።

በዚያ ዓመት ስምንት ዓመቴ ነበር። አባታችን ወታደር ሆኖ ሰሜን ግንባር ነው። ደመወዙ በውክልና ለእናቴ ይከፈላል፤ አንዳንዴ ወር፣ አንዳንዴ ሁለት ወር ይዘገያል። የምንኖረው ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ቤት ነበር። እንደምታውቁት ያን ዓመት ሕዝብ ያለቀው ወሎና ትግራይ ውስጥ ነው፤ የእኛን ችግር ከዚያ ጋር ላወዳድር አልደፍርም። ባሕር ዳር የደረሰው የእህል ዋጋ ነበር። ጤፉ መጀመሪያ ከማሽላ ጋር ተደባለቀ፤ ቀጥሎ ጤፉ ቀርቶ ዳጉሳ ብቻ ሆነ፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ እንጀራው ቀርቶ ቂጣ ሆነ። ወጡ ሽሮ ከነበረ ጥሩ ቀን ነው።

በዚያ ጊዜ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ከሐይቁ ዳር መንደር አንዲት ሴት ወደ ግቢያችን ይመጡ ነበር። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ልጆቻቸውን ሳላስፈቅድ አይሆንም። እኛ ልጆች «የዓሣዋ እማማ» እንላቸው ነበር። በራሳቸው ላይ በደንገል የተሠራ ቅርጫት፣ በቅርጫቱ ውስጥ የደረቀ የዓሣ ቋንጣ፣ አንዳንዴም ሥጋው ለሆቴል የተሸጠ የትልቅ ዓሣ ጭንቅላትና አጥንት ይኖራል። ገንዘብ ሲኖር እናቴ ትከፍላለች። ሳይኖር ያረጀ ልብስ ወይም አንድ ጣሳ እህል ትሰጣለች። ያም ሲጠፋ እማማ «ደመወዙ ሲመጣ ይከፍሉኛል፣ እትዬ» ብለው ቋንጣውን ትተውልን ይሄዳሉ።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ እሳቸው እናቴን «እርስዎ» ይሉ ነበር። እናቴ ግን በዕድሜ ቢያንስ አሥር ዓመት የሚበልጧትን ሴትዮ «አንቺ» ትላለች። ከበሩ ወዲህ አላስገባቻቸውም። ውኃ ሲጠይቁ የምትሰጣቸው ለብቻው በተቀመጠ የቆርቆሮ ጣሳ ነበር። የደንገሉን ቅርጫት ልጆች እንዳንነካ ትከለክለናለች፤ ዓሣውን ግን ደጋግማ አጥባ ትሠራዋለች። ምክንያቱ እማማ የወይጦ ሴት መሆናቸው ነው።

እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። ዛሬ ይህን የምጽፈው የሞተች እናቴን ለማሳጣት ሳይሆን፣ የሐይቃችን የዓሣ ታሪክ ያለዚህ ነገር ስለማይጻፍ ነው።

ራሳቸውን ነገደ ወይጦ ብለው የሚጠሩት እነዚህ ሰዎች ከጣና ጋር ያላቸው ግንኙነት ከከተማችን ዕድሜ እጅግ ይረዝማል። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ገደማ በአካባቢው ሲያልፍ ከአካባቢው ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው መዝግቧል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሌሎች አጥኚዎች ሲደርሱ ግን ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ነበር። ኑሯቸው ጉማሬ ማደን፣ ዓሣ ማስገር፣ ደንገል መሥራትና የወፍጮ ድንጋይ መጥረብ ነበር። ጉማሬ ስለሚበሉ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አገለላቸው። እስልምናን ተቀብለው እንኳ ለረጅም ጊዜ እንደ ሙሉ ሙስሊም የሚቆጥራቸው አልነበረም። የጉማሬው አደን እየቀረ ሲሄድ የቀራቸው ዓሣውና ደንገሉ ሆነ፤ ቆይቶም ከተማው ወደ ሐይቁ ዳር እየሰፋ ሲመጣ ደንገሉ የሚበቅልበት ዳርቻ ራሱ እየጠበበ ሄደ።

ታዲያ በክርስቲያኑና በወይጦው መካከል ያን ያህል አጥር ካለ ዓሣው እንዴት ተሻገረ? ሥጋ ቢሆን አይሻገርም ነበር። በአገራችን ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ዕርድ አይበላም። ዓሣ ግን አይታረድም፤ ማን ባረከው፣ በምን ስም ቢላ ዐረፈበት የሚል ጥያቄ አያስነሣም። እናቴም «ዓሣ ምን አለበት፣ ከውኃ ነው የወጣው» ትል ነበር። በተጨማሪም ጾሙ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም፤ ብዙ ምእመናን ግን ይበሉታል፤ በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ የሚደራውም በዚህ ምክንያት ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከማይቀርብባቸው የዓመቱ ብዙ ቀናት ውስጥ የልጅን ሰውነት የሚጠግን ምግብ ከባቄላና ከሽምብራ ሌላ ያለው ዓሣ ነው። እንዲያም ሆኖ ኢትዮጵያውያን በነፍስ ወከፍ በዓመት የምንበላው ዓሣ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ የዓለሙ አማካይ ወደ 20 ኪሎ ነው።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ ልመለስ። በታንኳው ላይ ያለው ወንድ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ደንገል አስሮ ታንኳ መሥራትና ውኃ ላይ ማደር የወንዶች ሥራ ነበር። ዓሣ ግን እንደ ጤፍ አይጠብቅም። ጠዋት ከመረብ የወጣ ቆሮሶ በባሕር ዳር ፀሐይ ከሰዓት በኋላ መሽተት ይጀምራል። ከታንኳ በወረደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቅርፊቱ ካልተፋቀ፣ ሆዱ ካልወጣ፣ ካልተሰነጠቀ፣ ጨው ካልነካውና ነፋስ ካላገኘው የሌሊቱ ድካም ሁሉ ለአሞራ ነው። እኔ በልጅነቴ ሐይቁ ዳር ያየኋቸው ይህን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እማማ ዓሣውን በረጅሙ እንደ ጥብጣብ ቆራርጠው በገመድ ላይ ሲሰቅሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ (እናቴ ብታውቅ ትገርፈኝ ነበር)። ዝንቡን በቅጠል የምታባርር አንዲት ትንሽ ልጅ ሁልጊዜ ከጎናቸው አትጠፋም። ቋንጣው ሲደርቅ ውኃው ወጥቶ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አንድ እፍኝ የደረቀ ዓሣ ተፈጭቶ ሽሮ ውስጥ ሲገባ አምስት ልጅ ያዳርሳል። እኛ ያን ክረምት ያለፍነው እንዲህ ነው።

የሞተር ጀልባ ታሪክም ከዚያው ዘመን ይጀምራል። ድርቁ ካለፈ በኋላ በ1986 እ.ኤ.አ. የሆላንድ አንድ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ከመንግሥት ጋር ሆኖ የጣናን ዓሣ ሀብት የማልማት ፕሮግራም ጀመረ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ አገሩ ተርቧል፣ ሐይቁ ሞልቷል፣ ጎደለ የተባለው መሣሪያ ነው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ፤ አስጋሪዎች በማኅበር ተደራጁ፤ ዓሣው ወደ አዲስ አበባ መጫን ጀመረ። በ1987 እ.ኤ.አ. 39 ቶን የነበረው የንግድ ዓሣ ምርት በ1997 እ.ኤ.አ. 360 ቶን ደረሰ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ረሃብ ድል ተነሣ ሊል ይችላል።

ቤታችን ያየው ሌላ ነው። ዓሣው በኪሎ ተመዝኖ ሲሸጥ እማማ በጠዋት ከታንኳ ላይ በዱቤ የሚያነሡት ዓሣ አነሰ። ባለ ታንኳው የባላቸው ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ነበር፤ «ማታ ሸጬ እከፍልሃለሁ» ይሉታል። ሚዛን ጋ ግን ዱቤ የለም። ታላቅ እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች አንድ ቦታ በቀን ሥራ ፊሌቶ ለማውጣት ተቀጠረች። ቦታውን አልጠራም። ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ትሠራለች፤ ጓንት የለም፤ የዓሣው እሾህ የወጋው ጣቷ ለወራት ያብጥ ነበር። ማታ አውቶብስ ውስጥ ሰው ከአጠገቧ ይነሣባታል። ስሟ በየትኛውም የማኅበር መዝገብ ላይ አልነበረም፤ አባሉ ጀልባ ላይ የሚወጣው ነውና። ፊሌቶው ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ እሷ ጭንቅላቱንና አጥንቱን በሣፋ ተሸክማ ወደ ቤት ታመጣለች፤ እኛም በልተናል። በዚያ ምርት ሪፖርት ውስጥ ግን እሷም፣ ሣፋውም፣ እኛም የለንም።

ሐይቁም ቢሆን አልቻለውም። ጣና ውስጥ እኛ በጅምላ «ነጭ ዓሣ» የምንለው ዘር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሳይንቲስቶች ወደ 15 የሚሆኑ፣ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ዝርያዎች ቆጥረውለታል። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ዕንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚያነሣው እናቲቱን ከነልጆቿ ነው። አጥኚዎች በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. ያለውን ሲያነጻጽሩ የእነዚህ ዓሦች ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። መረቡ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፤ የወንዙ መድረቅ፣ አሸዋ ማውጣቱ፣ ብርብራ ወቅጦ ዓሣ ማስከሩም አለበት። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ዓሣው ካለቀ በኋላ ማለት ይቻላል። እኔን የሚያሳዝነኝ ደግሞ፣ ብዙ ዓሣ ባወጣን በእነዚያ ዓመታት ያወጣነውን ሳይበላሽ ለማቆየት የዋለው ገንዘብ ጀልባና መረብ ላይ ከዋለው ጋር የማይተካከል መስሎ መታየቱ ነው።

ሌላ መንገድ እንደነበረ ያወቅሁት እዚህ አሜሪካ ነው። በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ አንዲት የጋና ሴት የሥራ ባልደረባዬ ናት። አንድ ቀን ምሳዋን ስትከፍት የተጨሰ ዓሣ ሸተተኝና ስለ እህቴ አጫወትኳት። እሷም እናቷ ዓሣ አጫሽ እንደነበረች ነገረችኝ፤ ልጆቿን ሁሉ ያስተማረችውም በዚያ እንደሆነ። ከዚያ ወዲህ ነው ስለ ቾርኮር ምድጃ ማንበብ የጀመርኩት። ቾርኮር በአክራ ዳር ያለ የአጥማጆች መንደር ነው። ሴቶቹ ዓሣውን የሚያጨሱት በክብ የጭቃ ምድጃ ነበር፤ እንጨት ይፈጃል፣ ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ ዓሣውንም በእጅ አንድ በአንድ ማገላበጥ ያስፈልጋል። በ1969 እ.ኤ.አ. አካባቢ የጋና የምግብ ምርምር ተቋምና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ከመንደሩ ሴቶች ጋር ሆነው ምድጃውን አሻሻሉት። አዲሱ ምድጃ ባለ አራት ማዕዘን ሆነ፤ በላዩ ላይ የሽቦ ወንፊት ያላቸው የእንጨት ትሪዎች እንደ መሶብ ይደራረባሉ፤ ዓሣው በአንድ እሳት ብዙ ሆኖ ይጨሳል፣ እንጨቱም ይቆጥባል። ጭቃ፣ እንጨትና ሽቦ ነው፤ ማንም የመንደር አናጢ ይሠራዋል። ከዚያ ተነሥቶ በምዕራብ አፍሪካ አገሮች ተሠራጨ። ምድጃው ራሱ ዓሣ አያጠምድም፤ የተጠመደው ዓሣ ግን ሳይበላሽ እንዲቆይ ይረዳል።

ይህ ሐሳብ በዓለም ደረጃ እስኪቆጠር ዘገየ። በ2012 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክ፣ የምግብና እርሻ ድርጅቱና ወርልድፊሽ የተባለው የምርምር ማዕከል ባወጡት ጥናት፣ ከማስገር በኋላ ያለው ሥራ አብሮ ሲቆጠር በዓለም በዓሣ ሥራ ከተሰማራው ሕዝብ ግማሽ ገደማው ሴት ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2014 የጸደቀው የአነስተኛ ዓሣ አስጋሪዎች ዓለም አቀፍ መመሪያም ስለ ሴቶቹ እኩልነት ራሱን የቻለ ክፍል አለው። እህቴ ጣቷ ያበጠው ከዚያ ሃያ ዓመት አስቀድሞ ነው።

የእኛ ማኅበርም ከዚህ ነፃ አይደለም። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁን መውረር ከጀመረ ወዲህ ለስንት ነገር አዋጣን? ማሽን ይገዛ ሲባል አዋጣን፤ በ2013ቱ ዘመቻ ጊዜም እንዲሁ። ከውኃው እስከ ወገቡ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል ያየነው ግን የዳርቻው ገበሬ፣ አስጋሪና ሚስቱ ነበሩ። ለእጃቸው ጓንት፣ ለእግራቸው ቦት ጫማ እንላክ ያለ ሰው አላስታውስም፤ እኔም አላልኩም። ፎቶ ሲነሣ የሚያምር ነገር እንወዳለን። ጀልባ ፎቶ ላይ ያምራል።

በ2014 ዓ.ም. ለእናቴ ተዝካር አገር ቤት ስሄድ የዓሣዋን እማማ ፈለግሁ። ከሞቱ ቆይተዋል። ያኔ ዝንቡን በቅጠል ታባርር የነበረችው ልጃቸው ግን አለች፤ ዛሬ የልጅ ልጆች ያሏት ወይዘሮ ናት። ቤታቸው ከድሮው ቦታ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ በድሮው ቦታ ግንብ አጥር ተሠርቷል። ማንነቴን ስነግራት «የወታደሩ ልጅ!» አለችና ሳቀች። ቡና ተፈላ። ሦስቱንም ጠጣሁ። እናቴ በሕይወቷ ያን ስኒ አልያዘችም፤ እኔም በያዝኩት ጊዜ እጄ እየተንቀጠቀጠ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

ምን ብንረዳችሁ ይሻላል ብዬ ስጠይቃት ከእሷና ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ተነጋገርን። ጀልባ የጠየቀ አልነበረም። «ጀልባ የሚያመጣ ሰው ሞልቷል፣ ዓሣው የታለ?» አለችኝ አንዷ። የጠየቁት በዝናብ ጊዜ የሚያደርቁበት ጣራ ነው፤ ክረምት ላይ ከሚያገኙት ዓሣ ብዙው ሳይደርቅ ይተላባቸዋል። ዓሣውን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ባለ ሽቦ ቆጥ፣ ዝንብ የሚከለክል መረብ፣ ጨው በጅምላ የሚገዙበት ትንሽ ተዘዋዋሪ ገንዘብ፣ ንጹሕ ውኃ ከነመታጠቢያው። አንዲት ወጣት እናት ደግሞ ዓሣ ስትቆርጥ ሕፃኗን የምታስቀምጥበት ጥላ ጠየቀች። ይህ ሁሉ ሲደመር ከአንድ የሞተር ጀልባ ዋጋ እንደማያልፍ እዚያው የአንድ አናጢ ግምት ተቀብዬ መጥቻለሁ፤ ዋጋዎቹ ከዚያ ወዲህ ስለናሩ አዲስ ግምት እንዲላክልኝ ጠይቄያለሁ።

ከስንብቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኋት። የእናቴ ዕዳ ስንት ቀርቶ ነበር? አባታችን በ1979 ሲሞት ደመወዙ ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ቋንጣው ግን አልቆመም። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና «እማዬ አልቆጠረችውም» አለችኝ። እኔም ለመቁጠር ሞክሬ አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ከሴቶቹ ሦስቱ በስልክ ራሳቸው እንዲያነጋግሩን ሊቀመንበሩን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ስብሰባው እዚህ ከጠዋቱ በ4 ሰዓት ሲጀመር እዚያ 11 ሰዓት ከቀኑ ነው፤ ቋንጣውን ሰብስበው የሚጨርሱበት ጊዜ ስለሆነ ሊጠብቁን ይችላሉ። እንደ ልማዳችን አንድ ሰዓት ዘግይተን ከጀመርን ግን ይመሽባቸዋል። ጥያቄውን የጠየቀው ወንድማችንም እንዲመጣ ደውዬለታለሁ፤ ይዤ የምመጣው ጥያቄ አለኝ ብሏል።